መኪናው ያልተሠራላቸው ጨርቆች

ካናቴራ ለማሳጠር ወይም የሚለጠጥ ሱሪ ለማስጠበብ ወደ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ የሄደ ሰው «ይኼ ጨርቅ መኪናዬ ላይ ይዘላል፤ ኦቨርሎክ ያለው ጋ ውሰደው» የሚል መልስ ሳያጋጥመው አይቀርም። ጥጥ የተሞላ ወፍራም የአልጋ ልብስ ይዞ የሄደም ከዚህ የተሻለ አይሰማም፤ መርፌ ይሰበራል፣ የላይኛው ጨርቅ ይሸሻል፣ የታችኛው ይጨማደዳል። ሁለቱ ችግሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። የስፌት መኪናን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ግን ምንጫቸው አንድ ነው። መኪናው ሲፈለሰፍ የታሰበለት ጨርቅ ድርና ማግ ያለው፣ የማይለጠጥ፣ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሆኖ የሚሰፋ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ዘመን የሚለጠጠውና የሚደራረበው ጨርቅ መኪናውን እያስገደዱ የለወጡበት ዘመን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈልሳፊዎቹን በአጭሩ ላንሳ። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒየ በ1830 ያስመዘገበው መኪና በአንድ ክር ሰንሰለት የሚመስል ስፌት ይሰፋ ነበር። ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪኖች ተክሎ የወታደር ልብስ ማሰፋት ሲጀምር፣ እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች በ1831 ገብተው ሰባበሩበት፤ እሱም በ1857 በድህነት ሞተ። አሜሪካ ውስጥ ዋልተር ሀንት ጫፉ ላይ ቀዳዳ ባለው መርፌ ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና በ1830ዎቹ ሠርቶ ሳያስመዘግበው ቀረ። ተመሳሳይ መኪና በ1846 ያስመዘገበው ኤልያስ ሃው ነው። ሃው ቦስተን ላይ መኪናውን ከአምስት ሴት ሰፊዎች ጋር አወዳድሮ ቢያሸንፍም ገዢ ግን አላገኘም። አይዛክ ሲንጀር በ1851 ይዞት የቀረበው፣ መርፌው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርደው መኪና ነው ገበያውን የያዘው። ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ስለነበር ተራ ቤተሰብ አይደፍረውም ነበር። የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 ጥቂት እያስከፈለ በዱቤ መስጠት ሲጀምር መኪናው ወደየቤቱ ገባ። በ1860 ገደማ የታተመ አንድ ንጽጽር በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ያልቃል ይላል። ለቤት እመቤት ይኼ ቁጥር ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በእኛ አገር ማንኛውም የስፌት መኪና «ሲንጀር» እስኪባል ድረስ የዚህ ሰው ስም ገንኗል። በእኔ ፍርድ ግን ለዛሬው ጉዳያችን ከሲንጀር ይልቅ መታወስ ያለበት አለን ዊልሰን የሚባል የቤት ዕቃ ሠሪ ነው። በ1854 ያስመዘገበው ፈጠራ ከመርፌው ስር ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ጥርሶቹ ይነሳሉ፣ ጨርቁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይወስዳሉ፣ ዝቅ ይላሉ፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ እንደገና ይነሳሉ። ዛሬ ከሚሸጡት የቤት መኪኖች በዚህ መንገድ ጨርቅ የማይስብ ማግኘት ይከብዳል። ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይመነጫል። ጥርሶቹ የሚስቡት የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ሲሆን፣ የላይኛውን ደግሞ ከላይ የሚጫነው የብረት እግር ይዞ ያስቀረዋል። ለአቡጀዲና ለካኪ ይኼ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚለጠጥ ጨርቅ ግን በእግሩና በጥርሱ መካከል ተወጥሮ ስለሚሰፋ፣ ከመኪናው ሲወጣ ጠርዙ ይሞገዳል። ሦስት ድርብ ያለው ሽፋን ሲሆን ደግሞ የላይኛው ወደ ፊት እየተገፋ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ይተርፋል።

ሌላው ምክንያት ከጨርቁ ስር ተደብቆ ያለ ነው። መርፌው ጨርቁን በስቶ እስከ መጨረሻው ይወርድና መመለስ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ክሩን ጨርቁ ስለሚይዘው አብሮ አይወጣም፤ ከመርፌው ጀርባ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከስር የሚዞረው መንጠቆ ያቺን ቀለበት ይዞ የታችኛው ክር በተጠመጠመበት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፋታል፤ የላይኛውና የታችኛው ክርም ይቆላለፋሉ። መላው ስፌት የቆመው በዚያች ቀለበት ላይ ነው። ጨርቁ የሚለጠጥ ከሆነ መርፌው ሲመለስ ጨርቁም ተጣብቆ አብሮት ይነሳል። ያኔ ክሩ አይላላም፣ ቀለበቷም አትፈጠርም፣ መንጠቆውም ባዶውን ያልፋል። ልብስ ሰፊው «ዘለለ» የሚለው ይኼንን ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ የባለሙያውም እጅ አልሰነፈም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ እጅግ ርካሽ ነው፤ ሌላ መርፌ። ተራው ሹል መርፌ የሹራብን ክር ወግቶ ሊበጥሰው ይችላል፤ የተበጠሰችው ነጥብ ልብሱ ሲታጠብ ቀዳዳ ሆና ትተረተራለች። ጫፉ ክብ የሆነው መርፌ ግን ክሮቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በመካከላቸው ያልፋል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ተብሎ የሚሠራው ደግሞ ከጀርባው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ መንጠቆው ይበልጥ ተጠግቶ ትንሿንም ቀለበት ይይዛል። ብዙ ሰው አዲስ መኪና ልግዛ የሚለው በአንድ መርፌ መቀየር ሊፈታ በሚችል ነገር ነው።

ጨርቁ ራሱ ከየት መጣ? ሸማ ቀጥ ያለ ድርና ማግ ስላለው አይለጠጥም። ሹራብ ደግሞ አንዱ ክር በሌላው ቀለበት ውስጥ እየገባ የሚሠራ ነው፤ ሲጎትቱት ቀለበቶቹ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፣ ሲለቁት ይመለሳሉ። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና የሠራው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ ሲሆን ዘመኑም 1589 ነው፤ ከስፌት መኪናው ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በእጃቸው ካልሲ እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ ፈቃድ ስለነፈገችው ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። የንግሥቲቱ ስጋትና የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ቁጣ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱንም አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። እጅ የሚያበላው ሰው ከመኪና ጋር ሲፋጠጥ የሚጠይቀው ጥያቄ እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኘም።

ለረጅም ዘመን ሹራብ በአብዛኛው ካልሲና የውስጥ ልብስ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች ሹራብን እንደ ጣቃ እያመረቱ በመቀስ ቆርጠው መስፋት ሲጀምሩ ሁለት ጥያቄ ተነሳ። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር ምን ይደረግ? ስፌቱስ ከጨርቁ ጋር እንዲለጠጥ እንዴት ይሁን? መልሱ የመጣው ከስመ ጥሮቹ መኪና ሠሪዎች ሳይሆን ችግሩ በየቀኑ ከሚያጋጥማቸው ሰዎች ነው። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የሜሮው ቤተሰብ የሹራብ ፋብሪካ ነበረው። የዚህ ቤተሰብ ልጅ ጆሴፍ ሜሮው በ1880ዎቹ ለራሳቸው ሥራ ብሎ ጠርዙን በክር እየጠመጠመ የሚሰፋ መኪና ሠራ፤ በ1889ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬ ኦቨርሎክ የምንለው ከዚያ የወረደ ነው። ከሜሮው ቀደም ብላ ሄለን ብላንቻርድ የምትባል የሜይን ግዛት ሴት በ1873 መርፌው ግራና ቀኝ እየረገጠ የሚሰፋበትን መኪና አስመዝግባለች። ዚግዛግ የምንለው ስፌት ነው። በሕይወት ዘመኗ 28 የፈጠራ መብቶችን ያስመዘገበች ሴት ሆና ሳለ በየትምህርት ቤቱ የሲንጀር ስም ሲነሳ የእርሷ አለመነሳቱ ያስቆጫል።

ዚግዛግ ለምን ይጠቅማል? ቀጥ ያለ ስፌት ከጨርቁ ርዝመት ብዙ የማይበልጥ ክር ነው ያለው። ጨርቁ ሲጎተት ክሩ አብሮ የሚረዝምበት ትርፍ ስለሌለው ይበጠሳል፤ ሱሪ ስናጠልቅ ወይም ካናቴራ ከአንገት ስናወጣ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያ ነው። ዚግዛግ ግን ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ትርፍ አለው፤ ሲጎተት ይቃናል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ይህ ጥበብ በፋብሪካ ውስጥ ስልሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በጣሊያኑ ኔኪ፣ በስዊዘርላንዱ በርኒና፣ በጀርመኑ ፋፍ አማካኝነት ወደ ቤት የገባው።

የቤት መኪናው ዚግዛግ ሲማር የሚለጠጠው ጨርቅ ከውስጥ ልብስነት እየወጣ ነበር። ኮኮ ሻኔል በ1910ዎቹ ለውስጥ ልብስ ይውል የነበረውን ጀርሲ አውጥታ የሴት ቀሚስና ካፖርት ሠራችበት። ቲሸርትም የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞች የውስጥ ልብስ ከመሆን ተነስቶ ነው አደባባይ የወጣው። በ1958 የዱፖንት ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ከራሱ ርዝመት አምስት እጥፍ በላይ ተለጥጦ የሚመለስ ክር አገኘ፤ ላይክራ ይባላል። መጀመሪያ የታሰበው የሴቶችን የሆድ ማጥበቂያ ላስቲክ ለመተካት ነበር። ዛሬ ከካልሲ እስከ ጂንስ ያልገባበት የለም።

ጨርቁም መኪናውም እያለ ዕውቀቱ ግን አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ አን ፐርሰን የምትባል ሴት በ1960ዎቹ ኦሪገን፣ ዩጂን ከተማ ላይ «ስትሬች ኤንድ ሶ» የሚባል ድርጅት የከፈተችው ይህን ክፍተት አይታ ነው። ለተራ የቤት መኪና የሚሆን የልብስ ንድፍ አዘጋጀች፣ ጨርቁን ሸጠች፣ ሴቶችንም አሠለጠነች፤ ሱቆቿ በመላ አገሪቱ ተስፋፉ። የሚለጠጥ ጨርቅ ለጀማሪ ከሚያስቸግር ሸሚዝ ይልቅ ይቀላል፤ ገበር የለው፣ ቁልፍ የለው። አስቸጋሪ ያስመሰለው ማንም ስላላስተማረው ነው።

የእኛም አገር ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሲንጀር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ያገኘው ሸማ፣ አቡጀዲና ካኪ ነው። በየበረንዳው የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ሙያውን ከጌታው የተማረው በእነዚህ ላይ በመሆኑ ሱሪ ሲቆርጥና ኮት ሲገጥም የሚስተካከለው የለም። የሚለጠጠው ጨርቅ ግን በሌላ በር ገባ፤ ተሰፍቶ ያለቀ ሆኖ፣ ከውጭ። እዚሁ መስፋት ሲጀመርም በፋብሪካ ነው። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ቲሸርትና የስፖርት ልብስ ሰፍተው ለውጭ ገበያ ልከዋል። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ስታቋርጥ ብዙዎቹ ሥራቸውን አጡ። ኦቨርሎክና ለታችኛው ጠርዝ የሚውለውን ባለ ሁለት መርፌ መኪና በደንብ የሚያውቁ እጆች ከፋብሪካው ወጥተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ደግሞ አሁንም ካናቴራ አልቀበልም ይላል።

ወደሚደራረበው ጨርቅ ልለፍ። አሜሪካውያን ኩዊልት የሚሉት በሦስት ድርብ የሚሠራ ሽፋን ነው፦ ከላይ የተገጣጠመ ፊት፣ በመካከል ባዘቶ፣ ከስር ገበር። ሦስቱ እንዳይላቀቁ ዳር እስከ ዳር ይሰፋሉ። ሙያው ጥንታዊ ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ወታደሮች ጥጥና ሱፍ የተሞላ ልብስ ከብረቱ ስር ይለብሱ ነበር። ከጎረቤታችን ከሱዳን በመሐዲስቶች ዘመን ለፈረስ የተሠራ፣ የተሞላና የተሰፋ የጦር ልብስ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ድሪቶ በእኛም ቤት ያለ ነገር ነው፤ አሮጌው በአሮጌው ላይ እየተደረተ ብርድ ያሳለፈ ትውልድ አለን።

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከማንም በላይ የምወዳት ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች፤ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሳይሆን የጨርቅ ቁራጭ ነው የደረሳት። ከነፃነት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በ11 ክፍል ከፍላ በጨርቅ ሥዕል የሠራችበትን ኩዊልት በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ዐውደ ርዕይ ላይ አቀረበች። አዳምና ሔዋን ከእባቡ ጋር፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የክርስቶስ ስቅለት ሁሉም አሉበት። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትጠይቃት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት ራሷ በ10 ዶላር ልትሸጠው መጣች፤ መምህርቷ 5 ዶላር ብቻ ነበር ያላት። ፓወርስ ሥራዋን አስረክባ የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም አስጻፈች፤ ከዚያም በኋላ እየተመላለሰች ታየው ነበር። ያ ኩዊልት ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ተቀምጧል። ለጉዳያችን ደግሞ አንድ ነገር ይመሰክራል፦ የእጅም የመኪናም ስፌት አለበት። በባርነት የተወለደች ሴት በ1880ዎቹ መኪናውን ከመርፌዋ ጋር አዋህዳ ከአሜሪካ የጨርቅ ጥበብ ቁንጮ የሚባለውን ሥራ ሠራችበት።

ይኼን የምለው በምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት «እውነተኛ ኩዊልት በእጅ የተሰፋው ነው» የሚል አስተሳሰብ ነግሦ ነበር። በመኪና የተሰፋ ሥራ በውድድር ላይ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ያ ወግ የተሰበረው በ1989 ካረል ብራየር ፋለርት የተባለች አርቲስት በኬንታኪ፣ ፓዱካ በሚካሄደው ትልቁ ዓመታዊ ውድድር የፀሐይ ግርዶሽን የሚያሳይ፣ በመኪና የተሰፋ ኩዊልት አቅርባ የአንደኝነቱን ሽልማት ስትወስድ ነው። የእጅ ሥራ ክብር ይገባዋል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የፓወርስ ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት መልሱን ሰጥቶ ሳለ ዳኞች እስከ 1989 መቆየታቸው የሚያሳየው ያልተመረመረ ልማድን እንጂ ጥበብን አይደለም።

የሚሸሸውን የላይኛውን ጨርቅ ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከላይም ጥርስ መጨመር ነው። ፋፍ ከ1968 ጀምሮ ከእግሩ ጀርባ የላይኛውን ጨርቅ አብሮ የሚስብ ክንድ በቤት መኪናዎቹ ላይ ገጥሟል። ለሌሎቹ መኪናዎች ከመርፌው ጋር እየተነሳ «የሚራመድ» እግር ለብቻው ይሸጣል። ለቀጥታ መስመር ፍቱን ነው። ይኸው እግር የሚለጠጥን ጨርቅም ከመሞገድ ያድነዋል፤ ሁለቱ ጨርቆች አንድ መድኃኒት የሚጋሩት ችግራቸው አንድ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፍጹም ተቃራኒው ነው፦ የዊልሰንን ጥርሶች ዝቅ አድርጎ ወይም ሸፍኖ ጨርቁን በእጅ መንዳት። መርፌው ባለበት ይወጣል ይወርዳል፤ የስፌቱን ርዝመትም አቅጣጫውንም የሚወስነው እጅ ነው። ሲንጀር ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በተራው የቤት መኪና ጥልፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞበታል። አሜሪካውያን ኩዊልት ሠሪዎች ይህን ለመልመድ ኮርስ ይገባሉ፣ ወራት ይፈጅባቸዋል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ሲጠለፍ ቆሞ ያየ ሰው ግን ይህንኑ ጥበብ አይቷል። ጠላፊው ጨርቁን በክብ ማወጠሪያ ይወጥራል፣ እግሩ መኪናውን ይረግጣል፣ ሁለት እጁ ማወጠሪያውን ያዞራል። መስቀሉ ንድፍ ሳይከተል ከመርፌው ስር እየተሣለ ይወጣል። የእግሩ ፍጥነትና የእጁ እርጋታ ካልተስማሙ ክሩ ይበጠሳል ወይም ስፌቱ ይዘረዘራል። የእኛ ጠላፊዎች ይህን ችሎታ ይዘው በዚህ ሙያ ዓለም ስማቸው አለመነሳቱ ተገቢ አይደለም።

የሚለጠጠውና የሚደራረበው ጨርቅ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ማየት የሚፈልግ የሮዚ ሊ ቶምፕኪንስን ሥራ ይመልከት። ትክክለኛ ስሟ ኤፊ ሜይ ሃዋርድ ነው፤ በ1936 በአርካንሳስ ተወልዳ በካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ኖራ በ2006 አረፈች። ኩዊልት ከማይለጠጥ ጥጥ ብቻ ይሠራል የሚለውን ደንብ ትታ ቬልቬትና ፖሊስተር ሹራብ ገጣጥማለች። ቁራጮቹ እኩል አይደሉም፤ መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ አይቃናም፣ ቀለሙ ግን ያበራል። ሥራዋ በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ቢየናሌ ላይ ታይቷል። ጨርቁ ሲሳብ የሚያመጣውን መዛነፍ አላረመችውም፤ ውበቱን አወጣችው።

አሮጌ ካናቴራዎችን ገጣጥሞ ሽፋን ለመሥራት ለሚያስብ አንባቢም መንገዱ ክፍት ነው። ቁራጮቹ እንዳይለጠጡ ከጀርባቸው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ይደረግባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጥጥ ይሰፋሉ። ካናቴራ ሆኖ የሚለበስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገው፤ ጨርቁ ይለጠጥ፣ ስፌቱም አብሮት ይለጠጥ። መርፌውን ጫፉ ክብ በሆነው ይቀይሩ፣ መኪናው ዚግዛግ ካለው በጠባቡ ይስፉ፣ እግሩ የሚጫንበትን ኃይል ያላሉ፣ ጨርቁን አይጎትቱት። ሁልጊዜም በመጀመሪያ በቁራጭ ላይ ይሞክሩ፤ ሰፍተው ይጎትቱት፤ ካልተበጠሰና ካልዘለለ ወደ ልብሱ ይሂዱ። ከአያት የተወረሰው ጥቁር ሲንጀር ዚግዛግ ባይኖረውም በጠንካራ ፖሊስተር ክር፣ ጨርቁን በስሱ ወጠር አድርገው በአጫጭሩ ከሰፉበት ቀላል ካናቴራ ያስተካክላል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ዛሬ በገበያ ላይ ያለውን የቤት መኪና መርፌ ስለሚቀበሉ መርፌ ማግኘት አያስቸግርም።

ሙያ ለሚያስተምሩ ኮሌጆችና ለሰፈር ልብስ ሰፊዎች ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከፋብሪካ የወጡት ወጣት ሴቶች ሹራብ መስፋት ያውቃሉ፤ የሽሮ ሜዳ ጠላፊዎችም ያለ ጥርስ መስፋት ያውቃሉ። ጥሯቸው፣ ክፍያ ስጧቸው፣ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አስተምሩባቸው።